ዋስ ይዤ ደብረ ታቦር የወረድኩ ዕለት

የቀበሌያችን የጤና ሠራተኛ ቤቴ መጥታ፣ «የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች እናቶችን የምታነጋግር ተመራማሪ ደብረ ታቦር መጥታለች፤ አንቺም ሂጂ» ካለችኝ ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። ልጄ ብርቄ የሐኪም ኪኒን ጀምራ ነበር። ጠበል ሳስገባት ኪኒኑን አስቆምኳት፤ ለሐኪሙ ግን ትወስዳለች ብዬ ዋሸሁ። በዚያው ሰሞን በሽታው ጥሏት ምድጃ ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጠለ። ይህን ካወቁ ልጄን ይነጥቁኛል ብዬ ፈራሁ። በኛ አገር ለጥያቄ የተጠራ ሰው ዋስ ይዞ ይሄዳል፤ እኔም ታናሽ ወንድሜን አያሌውን አስከተልኩ።

ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከጉና ሥር ተነሣን። ገብሱ አመዳይ ለብሷል። መኪና እስከሚገኝበት እስከ ገሳይ ከተማ ሦስት ሰዓት በእግር ነው። መንገድ ላይ አያሌው የስንቁን ድንች እየላጠ፣

«እታለም፣ ከታሰርሽ ይሄ ሁሉ የኔ ነው» አለኝ።

«አፍህን ያዝ!» አልኩት፤ ሳቄ ግን አመለጠኝ።

ከገሳይ በሚኒባስ ተጨናንቀን ሄድን።

አምስት ሰዓት፣ ደብረ ታቦር

በሆስፒታሉ አንድ ክፍል የተቀበለችን ተመራማሪ ገና ልጅ እግር ናት። «እናቴ፣ ይግቡ። እሳቸውስ?»

«ዋሴ ነው።»

አልሳቀችም። «ዋስ ላጠፋ ሰው ነው፤ እርስዎ የመጡት ሊያስተምሩኝ ነው። የሚሉኝን ሌላ ሰው እንዳይሰማ እሳቸው ውጭ ይጠብቁን።»

«ውጭ የቆመ ዋስ ምን ሊረባ!» እያለ አያሌው ወጣ።

ስሜ እንደማይጻፍ፣ ያልወደድኩትን መተው እንደምችል ነገረችኝ። ድምፅ መቅጃውን አሳይታ፣ «እሺ ካላሉኝ አላበራውም» አለች። እሺ አልኳት።

«ከታመመችበት ቀን ጀምሮ፣ እንደሆነው ያጫውቱኝ።»

አወራሁ። ኪኒኑ ላይ ስደርስ የነጠላዬን ጫፍ መቋጠር ጀመርኩ። አልገፋችኝም፤ ጠበቀችኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ውሸቱንም።

«ኪኒኑን ሲያስቆሙ ማን ምን ብሎዎት ነበር?» አለችኝ።

«ጎረቤቶቼ ጠበልና ኪኒን አብረው አይሆኑም አሉኝ። ሐኪሙ ደግሞ ይቆጣኛል ብዬ አልጠየቅሁትም።»

ስንጨርስ፣ «ይህን መድኃኒት ለምትሰጠው ነርስም ልንገራት?» አልኳት። እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ነርሷ አልተቆጣችም። «ጠበሉንም ኪኒኑንም ትውሰድ፤ ኪኒኑን ግን እንዳያስቆሟት» ብላ መድኃኒቱን ሰጠችኝ። ልጅሽን እንነጥቅሻለን ያለኝ አልነበረም።

ማታ፣ ቤቴ

ብርቄ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችን። «እማ፣ አላሰሩሽም?»

«እናትሽስ ነጻ ወጣች፤ ደጅ ሲጠና የዋለው ዋሱ ነው» አላት አያሌው።

አንድ ነገር ተማርኩ፦ እውነት የምትወጣው፣ የሚጠይቅሽ ሰው መልስሽን ሳይፈርድ ሲጠብቅ ነው። በማግስቱ ጧት ብርቄ ኪኒኗን በጠበል ዋጠች።