ለእድር ብቻ የሚከፈት በር

የኛ ኮሌጅና ጎረቤታችን ዩኒቨርሲቲ ቃሊቲ ውስጥ አንድ አጥር ይጋራሉ። እነሱ ውሃ የሚመረምር ማሽን አላቸው፤ የሚያሠራው ሰው ስለሌለ ላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል። እኛ ደግሞ የሚያሠራ ባለሙያ አለን፣ ማሽን የለንም። በአጥሩ መሃል የብረት በር አለ። የሁለቱ ግቢ ሠራተኞች እድር አንድ ነው፤ ድንኳኑ የሚቀመጠው በእነሱ መጋዘን ስለሆነ በሩ የሚከፈተው ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ማኅበር ጉባኤውን በኛ አዳራሽ አደረገ። የሁለቱ ግቢ ፕሬዚዳንቶች ተቃቅፈው ፎቶ ተነሡ። የጎረቤታችን ፕሬዚዳንት፣ "ማሽናችን ማሽናችሁ ነው" አሉ። እኔ ቆሜ አጨበጨብኩ። ቀን ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ እየዋለች ማታ የምትማር ተማሪ ነበረችኝ፤ ጥናቷ በአቃቂ ወንዝ ውሃ ላይ ነው፣ የቀራት አንድ ምርመራ ብቻ። በማግስቱ ካላስገባች ምርቃቱ ያመልጣታል፤ ሳትመረቅ ደግሞ ፋብሪካው ከስፌት ወደ ላቦራቶሪ አያዛውራትም።

በማግስቱ ጠዋት ባለሙያችንን ይዘን፣ ውሃውን በጄሪካን አንጠልጥለን በሩ ጋ ቆምን። የእነሱ ቤተ ሙከራ ኃላፊ በስልክ፣ "ከገባችሁ ማሽኑ ያውላችሁ፤ በር ግን አላስከፍትም። ስምምነቱ ገና ወደ ታች አልወረደም" አለኝ። አዳራሹ ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ስምምነቱ የት ቆሞ እንደቀረ እንጃ።

ተማሪዬ ጄሪካኑ አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እንባዋ የእውነት ነበር። ከወዲያ በኩል ሽማግሌው ዘበኛ አዩን።

"እኔን! ማን ነው መምህር?"

ምን ልበላቸው? አንገቴን ደፋሁ።

"አይ ይህች ዓለም! ግቡ፣ ግቡ ልጆቼ" ብለው በሩን በረገዱት።

ስልኬን ዘግቼ ማሽኑ ላይ ዋልን። ውጤቱ እጇ ሲገባ ተማሪዬ አቅፋኝ ዘለለች፤ ሮጣም አስገባች። እኔ ማታ ቱሉ ዲምቱ ስደርስ ግን የብሎካችን በር ላይ ድንኳን ተተክሎ ጠበቀኝ። ላጤ ነኝ፤ "ማንም አልሞተም" የሚል ሰው ቤቴ የለም። ዘበኛው ለእድሩ ዳኛ ደውለው፣ ዳኛው አባላቱን ጠርተው፣ ሁሉ ነገር ባንድ ቀን ወደ ታች ወርዷል። ሁለቱ ፕሬዚዳንቶች አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ንፍሮ ይቆረጥማሉ።

"እግዜር ያጽናህ" ብለው ተነሡ።

እውነቱን ነገርኳቸው፤ ማንም አልሞተም፣ አንዲት ልጅ ልትመረቅ ነው አልኩ። ጎረቤቶቼ ሳቁ፣ አንዷማ እልል አለች። ፕሬዚዳንቶቹ አልሳቁም።

"በሩን ማን ከፈተው?" አሉ በአንድ ድምፅ። በአንድ ድምፅ ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ተማሪዬ ተመረቀች፣ ላቦራቶሪም ገባች። በሩ አንዱ ያለ ሌላው የማይከፍተው ሁለት ቁልፍ ተበጀለት፤ አንዱን የኛ ፕሬዚዳንት፣ አንዱን የእነሱ ያዙ። በቀጣዩ ጉባኤ ይህ የትብብራችን የመጀመሪያ ፍሬ ተብሎ ቀረበ። አጨበጨብን፤ እኔ ግን ተቀምጬ።

ባለፈው ወር ዘበኛው አረፉ። አንዱ ፕሬዚዳንት ስብሰባ ላይ፣ ሌላው መስክ ላይ ስለነበሩ ሁለቱ ቁልፎች ሳይገናኙ ዋሉ። ድንኳኑን በአጥር ላይ አሻግረን አወጣነው። ተማሪዬ ነጭ የሥራ ጋውኗን ሳታወልቅ መጥታ፣ ከወዲህ በኩል ጫፉን እየተቀበለች ታለቅስ ነበር።