ታንኳውን አልሰጠም

እዚህ ሪያድ፣ መንሱራ ሰፈር፣ አፍጋኖቹ ዳቦ ጋጋሪዎች ትኩሱን ተሚስ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልለው ይሰጡኛል። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ዳቦውን ይሻማሉ፣ እኔ ጋዜጣውን። «ጋሽ ይማም፣ ኧረ ቀዘቀዘ፣ ያላ!» ይሉኛል። ይቀዝቅዝ! ዐረብኛ ማንበብ የተማርኩት ከዚህ መጠቅለያ ነው፣ ያውም ፂሜ ከሸበተ በኋላ። አማርኛውን ደግሞ ልጅ እያለሁ በስኳር መጠቅለያ ነው የተማርኩት። ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ አስተማሪ የለም። ይህን የምናገረው አንገቴን ደፍቼ አይደለም፤ ማን እንደ እኔ እያልኩ ነው።

ያደግሁት ባቲ ነው። አባቴ ለግመል ነጋዴዎች ውኃና ድርቆሽ ያቀርብ ስለነበር የሚፈልገው ጉልበቴን ነው። ፊደሉን ከሱቅ ሰሌዳና ከሻይ ቅጠል ካርቶን ላይ ለቃቅሜ ለብቻዬ ለየሁት። በዚያ ዘመን ፌስታል የሚባል ነገር አልነበረም። የሰፈራችን ባለሱቅ ሐጂ ሙዘይን አሮጌ መጽሐፍ በኪሎ እየገዙ ሚስማር ላይ ይሰቅሉና ከፊት ወደ ኋላ እየገነጠሉ፣ ቅጠሉን እንደ ጡሩምባ ጠቅልለው ስኳሩን፣ ጨውን፣ ቅርንፉዱን ይጨምሩበት ነበር።

አንድ ክረምት ሽፋኑ የሌለ ልብ ወለድ እዚያ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። የመጀመሪያው ቅጠል ከእናቴ ስኳር ጋር ቤታችን ገባ። በትልቅ ወንዝ ላይ ሰው እያሻገረ የሚኖር አንድ ባለታንኳ ነበር። የአገሩ ገዢ ከእንግዲህ ወንዙን የሚሻገር ሁሉ በእኔ ጀልባ ይሻገር ብሎ፣ ታንኳህን አስረክብ ይለዋል። እሱ እንቢ ይላል። እኔም ከዚያች ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሁሉ ተላላኪ ሆንኩ። እናቴ ስኳር ስትልከኝ ግማሹን በአንድ፣ ግማሹን በሌላ ቅጠል አስጠቀልላለሁ። የጎረቤት ሴቶች «ምን ያለ ታዛዥ ልጅ ወለደች!» እያሉ ይመርቁኝ ነበር። ዕቃቸውን አራግፌ ወረቀቱን ይዤ እጠፋለሁ። በርበሬ የነካው ገጽ ያስነጥሰኛል፤ ስኳር የነካው ላይ ጉንዳን ይቀድመኛል። የባለታንኳው ሚስት ያለቀሰችበት ገጽ የመጣው ከቅርንፉድ ጋር ነው፤ ዛሬም ሻይ ውስጥ ቅርንፉድ ሲሸተኝ እሷ ትመጣብኛለች።

ሰኞ ገበያው ሲበተን፣ ከግመሎቹ ማሰሪያ ጀርባ፣ ያነበብኩትን ለልጆች እተርክ ነበር። አገሩ የት እንደሆነ አላወቅሁም። ታንኳ ያለው ሐይቅ ከተማ ነው ሲባል ስለሰማሁ ባለታንኳውን የሐይቅ ሰው፣ ገዢውን የእኛን ምስለኔ አደረግኋቸው። አንዳንድ አፋር ነጋዴም ዱላውን ተደግፎ ያዳምጠኝ ነበር። የማትለቀኝ ዘሃራ የምትባል ምላሰኛ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። «ውሸታም! ምስለኔው ታንኳ ምን ያደርግለታል? እስቲ ለሰኞ መጨረሻውን አምጣ፤ ካላመጣህ ሁለተኛ እዚህ አንቀመጥልህም!» አለችኝ።

ያን ሳምንት ያገኘሁት ቅጠል የገዢው ወታደሮች ወንዙ ዳር ሲደርሱ ያበቃል። ባለታንኳው አንድ እግሩ ታንኳው ውስጥ፣ አንድ እግሩ መሬት ላይ ነው። ሮጬ ሱቅ ብደርስ ሚስማሩ ባዶ!

«አለቀ ልጄ፤ የመጨረሻውን የትምህርት ቤቱ አስተማሪ ስኳር ይዞበት ሄደ» አሉኝ ሐጂ።

አስተማሪው ቤት ስደርስ ከሰሉ ተያይዟል፤ ያያያዘውም በእኔ ወረቀት ነው። ምን እንደፈለግሁ ነገርኩት። የቀረችኝን ቅጠል ተቀብሎ ስሞቹን አየና ሳቀ።

«ለዚህ ነው እንዲህ ያለከለክህ? ይህ እኮ የአፍሪካ ታሪክ ነው፤ የእኛ አይደለም።»

«ታዲያ እኛ የት ነን?» አልኩት።

«አፈኛ! ለማንኛውም ታንኳውን ይሰጣል። መንግሥት ጠይቆት የማይሰጥ ማን አለ?»

ሰኞ ደረሰ። ዘሃራ ፊት ለፊት ተቀምጣ «እህ? ሰጠ?» አለችኝ። ግመሎቹ ሳይቀሩ የሚጠብቁኝ መሰለኝ። አልሰጠም አልኩ! መሬት ላይ ያለውን እግሩን አነሣ፣ ዳሩን በመቅዘፊያው ገፋ፣ ወታደሮቹ ዋና አያውቁም፣ ከወዲያ ማዶ ሴቶቹ እልል አሉ። አፋሩ ነጋዴ መሬቱን በዱላው መትቶ «ወንድ!» አለ። ዘሃራ «እስቲ እንደገና!» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ እንደዚያ ያለ መጨረሻ የጻፈ ደራሲ ግን አላጋጠመኝም።

ይህን ታሪክ እዚህ ክፍላችን ውስጥ ደጋግሜ አውርቼዋለሁ። ሐበሻው በየመንገዱ ከታፈሰበት ዓመት በኋላ፣ አንድ ዓርብ ከዐስር ሶላት መልስ፣ ከማል የአክስቱን ልጅ ይዞ መጣ። ከማል አሠሪው፣ እዚህ ከፊል የሚሉት፣ ፓስፖርቱን ይዞበት «ተመለስና ሥራ፤ አለዚያ አስይዝሃለሁ» እያለ የሚደውልበት፣ ሸሽቶ ከእኛ ጋር ያለ ልጅ ነው። እንግዳው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአፍሪካን ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር፣ ለጉባኤ የመጣ ጨዋ ወጣት ነው። ታሪኬን እስከ ዳር ሰምቶ «ጋሼ፣ ይህን መጽሐፍ አውቀዋለሁ» አለኝ። ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ የመጨረሻውን ገጽ አነበበልን። ባለታንኳው ታንኳውን አስረክቦ በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከማል አቀረቀረ።

«ደራሲው ደክሞት ነው» አልኩ።

«ጋሼ፣ ደራሲውን ሊያርሙት ነው?»

«አሳምሬ! እሱ አፍሪካዊ፣ እኔ አፍሪካዊ፤ ማን ይከለክለኛል? ያ አስተማሪ የእኛ አይደለም ብሎኝ ነበር። እዚህ መንገድ ላይ ሱዳኑንም፣ ቻዱንም፣ እኔንም በአንድ ስም ነው የሚጠሩን። ሲጠሩኝ አንድ ከሆንኩ ስተርክም አንድ ነኝ። ባለታንኳው የእኔ ነው።»

ወጣቱ ፈገግ አለ። ከማል ቀና አለ። «ኸላስ ወንድሜ፣ ስልኩን ዝጋው። ጋሼ፣ ወታደሮቹ ከመጡበት ይጀምሩልን።»

ያኔ ለአንዲት ቅጠል ከተማ አካልል ነበር። ዛሬ መጽሐፉ በሙሉ መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ በርበሬ አያስነጥስም፣ ቅርንፉድም አይሸትም። ሐጂ ሙዘይን አፈር ሆነዋል፤ ዘሃራን የትኛው አገር እንደወሰዳት አላውቅም፤ አንዳንዴ እዚሁ ሪያድ፣ ከአንዱ አጥር ጀርባ፣ ለምታሳድጋቸው የሌላ ሰው ልጆች ያንን ታሪክ እየነገረች ትሆናለች እላለሁ። ያልተለወጠ ነገር ቢኖር፣ ሰው ዛሬም ከፊቴ ተቀምጦ ሰጠ ወይስ አልሰጠም ብሎ የሚጠይቀው እኔን መሆኑ ነው።

ጀመርኩ። መሐል ላይ የከማል ስልክ ጮኸ። ከፊሉ ነው። ከማል ስሙን አየና ስልኩን ምንጣፉ ላይ በፊቱ ደፋው።

«ይቀጥሉ፣ ጋሼ።»

ባለታንኳው አንድ እግሩ ታንኳው ውስጥ፣ አንድ እግሩ መሬት ላይ ነው። መሬት ላይ ያለውን አነሣሁለት።