ለሩጫ የሞላናቸው ቀለሆች

ቆቦ ፖሊስ ጣቢያ መሣሪያ ግምጃ ቤት የተመደብኩ ዕለት የደረሰኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ "ጫማህን አውልቅ" የሚል ነበር።

ትእዛዙን የሰጡኝ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ገብረየስ ናቸው። ጠጉራቸው የሸበተ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ነበሩ። በሩ ላይ አቁመውኝ ወደ እግሬ አዩ። ቦት ጫማዬ ሶሉ ምስማር የተመታ ነበር።

"ምስማር ድንጋይ ሲነካ ብልጭ ይላል" አሉኝ። "ኪስህንም አራግፍ።"

ሲጋራዬንና ክብሪቴን ተቀብለው ከግቢው ውጭ ድንጋይ ሥር አስቀመጡልኝ። ሲመለሱ ወለሉ ላይ ውኃ እየረጩ፣ "ማታ ስትወጣ ትወስደዋለህ። እኔ ብቆጣ ይበርድልኛል፤ ባሩድ ከተቆጣ ግን አይበርድለትም" አሉ።

እኔ የጎብዬ ልጅ ነኝ። ሃምሳ አለቃ የትውልድ ቀያቸው ከአላማጣ ወዲያ ነው። አማርኛቸውን እንደ እኛው ይናገራሉ፤ ሥራ ሲያምርላቸው ግን በትግርኛ "አጆኻ!"፣ በርታ፣ ይሉ ነበር። ያቺን "አጆኻ" ለመስማት ብዙ ደክሜያለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሥራችን የፖሊሱንና የሚሊሺያውን ጠመንጃ መፍታት፣ መወልወል፣ ዘይት መቀባትና መቁጠር ነበር። ለእኔ ሙያ ሆኖ የቀረው ግን ሌላ ነው፤ በአንድ አሮጌ ሽጉጥ ምክንያት የተማርኩት።

አንድ ቀን የስፖርት አስተማሪው መምህር ሐሰን ወደ ጣቢያው መጣና አዛዣችንን ሻምበል ታፈሰን አነጋገረ። ሃምሳ አለቃና እኔም ተጠርተን ቆመናል።

"ሻምበል፣ ሩጫ የማስጀምረው በፊሽካ ነው" አለ። "ሰዓት ያዡ ሜዳው ወዲያ ጫፍ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ነው የሚቆመው። ነፋስ ካለ ፊሽካውን ጭራሽ አይሰማውም፤ ልጆቹ ሲነሡ አይቶ በግምት ይይዛል። ሰዓታችንን ደሴ ስንልክ ውሸት ነው ብለው ይመልሱልናል። ልጆቻችን አንድም ቀን አልተመረጡም።"

"ሽጉጥ ነው የምትፈልገው?" አለው ሻምበል።

"ሽጉጥም ብቻ አይደለም። ድምፅ ይዘገያል፤ ዓይን አይዘገይም። ጭስ ካለ ሰዓት ያዡ ጭሱን እንዳየ ይይዛል።"

ሃምሳ አለቃ ከኋላ ሆነው፣ "ጭስ ከፈለግህ ጥቁር ባሩድ ነው" አሉ። "ጥቁር ባሩድ ከሆነ ደግሞ ያ የተኛው አሮጌ ሽጉጥ አለልህ።"

ሽጉጡ ስድስት ጎራሽ ነው። ጥይቶቹ የሚገቡበትን እየዞረ የሚመጣ ድቡልቡል ክፍል ከበሮ እንለዋለን። ከማን እንደተወረሰ የሚያውቅ የለም። ጥይቱ የትም አይሸጥም፤ ባዶ ቀለሆቹ ግን በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ከነሽጉጡ ነበሩ። አዲስ ቀለህ የለም፤ ያሉትን ደጋግሞ መሙላት ነው።

ሻምበል፣ "ከአዲሱ ጥይት ባሩድ ብናወጣለትስ?" ብሎ ጠየቀ።

"አይችለውም ጌታዬ። ያ ሽጉጥ የተሠራው ለቀርፋፋ ባሩድ ነው። አዲሱን ብናጎርሰው ፈንድቶ የመምህሩን እጅ ይዞት ይሄዳል።"

ሻምበል ሳቀና ለደሴ ጻፈ። ጥቁሩ ባሩድ በቆርቆሮ ታሽጎ መጣ።

ባሩዱ ቢመጣም እኔ እንድነካው አልተፈቀደልኝም። ሃምሳ አለቃ ከሆርማት ወንዝ ደረቅ አሸዋ አስመጥተው በወንፊት አስነፉኝና፣ "በዚህ ሙላ" አሉኝ። ለብዙ ጊዜ ቀለህ በአሸዋ ስሞላ ኖርኩ። የሞላሁትን አንሥተው ጆሯቸው ሥር ይወዘውዙታል። ሽው ካለ "አየር አለበት፤ ድገም" ይላሉ። ዘቅዝቀው መዳፋቸው ላይ ሲያራግፉት አንዲት ቅንጣት ካመለጠች፣ እሷን ብቻ በጣታቸው ያሳዩኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተተኮሰውን ቀለህ በሞቀ ውኃና በሳሙና እናጥባለን፤ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ካደረበት ናሱን ይበላዋል። ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን። ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሽ የመዳብ ቆብ ከቂጡ ገፍተን አውጥተን አዲስ እንተካለን። ባሩዱን ከፍየል ቀንድ ጫፍ በተሠራች መስፈሪያ እንሰፍራለን። ወፍራም ካርቶን በቀለሁ አፍ ልክ ቆርጠን ከላዩ እናሳርፍና በእንጨት ዘንግ ጠቅ እናደርገዋለን። አፉን በሰም እንዘጋለን። የእርሳስ አረር አይገባበትም፤ ሥራው መጮኽና መጨስ ብቻ ነው።

ሃምሳ አለቃ ይህን ሁሉ ሲሠሩ እጃቸው አይቸኩልም፣ አይንቀጠቀጥም። ሰው ሲያናግራቸው ሥራውን ያቆማሉ እንጂ እየሠሩ አይመልሱም። እንዲህ ያለ እጅ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

በመጀመሪያው ውድድር መምህር ሐሰን ክንዱን ቀጥ አድርጎ ሲተኩስ ነጭ ጭስ እንደ ጥጥ ቦነነ። ሰዓት ያዡ ከወዲያ ጫፍ ባንዲራ አውለብልቦ ማየቱን ነገረን። መምህር ሐሰን "አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ሃምሳ አለቃን አቀፋቸው። ሃምሳ አለቃም ወደ እኔ ዞር ብለው "አጆኻ!" አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ባሩዱን ነካሁ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የደርግና የአማፂዎቹ ጦርነት ወደ እኛ ቀረበ። ከአላማጣ የሚወርደው አውቶቡስ አንዳንድ ቀን ይቀራል። ከተማው ውስጥ አንድ በር በኃይል ቢዘጋ ሰው ይደነብር ጀመር። የዚያ ዓመት ውድድር ደግሞ ደሴ የሚሄዱት የሚመረጡበት ነው። ከዋጃ የመጣች ታደሉ የምትባል የገበሬ ልጅ ነበረች፤ ሁለት መቶ ሜትር ስትሮጥ ያየ ሰው ሁሉ ስሟን ይጠይቃል። መምህር ሐሰን በእሷ ላይ ትልቅ ተስፋ ጥሏል።

የጣቢያው የፖለቲካ ኃላፊ ግን ተቃወመ። ስብሰባ ላይ ሃምሳ አለቃ ባሉበት፣ "ጓድ ሻምበል፣ የዚህ ሰው ወንድም ከወዲያ ወገን ገብቷል ይባላል። እሱ የነካው ባሩድ ሕዝብ መሀል እንዲተኮስ አልስማማም" አለ።

ሃምሳ አለቃ መሬት መሬት አዩ። የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለ ቃል ሰውን ከቤቱ አስወጥቶ ያስቀረዋል።

ሻምበል ታፈሰ ግን፣ "ውድድሩ ይደረጋል" አለ። "ተኩስ ሰምተው እንዳይደነግጡ ለጦር ሰፈሩ እኔ እነግራለሁ። ከአስጀማሪውም ጎን ራሴ እቆማለሁ። ቀለሆቹን ግን ልጁ ይሙላቸው።" ልጁ ያለው እኔን ነው።

ሃምሳ አለቃ ቆቦቹንና መስፈሪያዋን ቆጥረው አስረከቡኝ። ከዚያ ከግምጃ ቤቱ ወጥተው ደጃፉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ እንዲያየው። ሞልቼ እስክጨርስ ወደ እኔ ሳይዞሩ የሥራዬን ድምፅ ብቻ አዳመጡ።

ስወጣ፣ "ጋሼ፣ ያጠፋሁት ነገር ሰሙ?" አልኳቸው።

"ቢኖር እስል ነበር" አሉ።

በውድድሩ ቀን የመጀመሪያዎቹ ሩጫዎች በሰላም አለፉ። የታደሉ ተራ ደረሰ። ልጆቹ ተደረደሩ። መምህር ሐሰን "ተዘጋጁ!" ብሎ ሳበ። ቀጭ አለ። አልተኮሰም።

መምህር ሐሰን ሃምሳ አለቃ እንዳስተማሩት ክንዱን ሳያወርድ ቆመ። የፖለቲካ ኃላፊው ግን፣ "ይኸው! አላልኩም? ክፈተው፣ ወዲህ አምጣው!" እያለ መጥቶ የመምህሩን ክንድ ያዘና ወደ ታች ጎተተው።

ሃምሳ አለቃ ከሕዝቡ መሀል ወጥተው ሲሮጡ አየሁ። ባሩዱን እንዳይነኩ የተከለከሉ ናቸው። "አትንካው! ወደ ሰማይ! ወደ ሰማይ!" እያሉ ደረሱና በሁለት እጃቸው ክንዱን ወደ ላይ ገፉት። ወዲያው ሽጉጡ ጮኸ። ነበልባሉ ከሦስቱም ራስ በላይ ወጣ፤ ጭሱ ሦስቱንም ሸፈናቸው። ከጭሱ ሲወጡ የፖለቲካ ኃላፊው ፊቱ አመድ መስሏል። እርሳስ ባይኖረውም ያ እሳት ፊት ላይ ቢያርፍ ዓይን አይተርፍም ነበር።

እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ የነበረው ሻምበል ቀረበና፣ "አንተ ነህ የሞላኸው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ሃምሳ አለቃ ቀለሁን አውጥተው አገላብጠው አዩት። "እጁ አልተሳሳተም ጌታዬ" አሉ። "ቆቧ አርጅታ እሳቱን አዘግይታ ነው ያቀበለችው። ቆቦቹን መርጬ የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ጥያቄ ካለ ከእኔ ነው።"

የሚጠረጠር ሰው በራሱ አፍ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔን ለማዳን ራሳቸውን ሰጡ። ልናገር አፌን ስከፍት በዓይናቸው ከለከሉኝ።

ሻምበል የፖለቲካ ኃላፊውን አየው። እሱ ፊቱን በመሐረብ ይጠርግ ነበር።

"ሃምሳ አለቃ፣" አለ ሻምበል፣ "ልጆቹ ቆመዋል። አንተ ሙላ። እዚሁ፣ ሁላችን እያየን።"

ዕቃውን ከግምጃ ቤት ሮጬ አመጣሁ። ሃምሳ አለቃ ሜዳው ዳር ካለው ግራር ጥላ ሥር ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ሕዝቡ ራቅ ብሎ ከበበ። መምህር ሐሰንና ሻምበል ከፊታቸው፣ የፖለቲካ ኃላፊው ከጎናቸው ቆመዋል። ቆቦቹን አንድ በአንድ ፀሐይ ላይ እያዩ መረጡ። ሰፈሩ፣ ደፈኑ፣ ጠቅ አደረጉ፣ በሰም ዘጉ። እጃቸው እንደ ወትሮው አልቸኮለም። ሲጨርሱ ቀለሁን ለፖለቲካ ኃላፊው ዘረጉለት። ተቀብሎ አየውና ለመምህሩ ሰጠ።

ሽጉጡ ጮኸ፤ ጭሱ ነጣ። ታደሉ ከማንም ቀድማ ከመስመሩ ወጣች፤ መጨረሻው ላይ የደረሰባት አልነበረም። ሰዓቷ ደሴ ተላከ፤ ያለ ጥያቄ ተቀበሉት። ደሴ ሄዳ ሦስተኛ ወጣች። አሁን ሮቢት ውስጥ አስተማሪ ናት።

የፖለቲካ ኃላፊው ይቅርታ አልጠየቀም። በቀጣዩ ውድድር ግን ማን ይሙላ ተብሎ ሲጠየቅ፣ "ሃምሳ አለቃ ናቸዋ" አለ። ጦርነቱ ደርሶ ጣቢያው ሲበተን ሃምሳ አለቃ ወደ አገራቸው ሄዱ። ማሽላቸውን እያረሱ ኖረው፣ አርጅተው በአልጋቸው ላይ ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ።

እኔም ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ በመሣሪያ ሥራ ኖርኩ። ከግራሩ ሥር ካየሁት ቀን ጀምሮ ልማዴ አንድ ነበር፤ ቀለህ ስሞላ የሚተኩሰው ሰው ፊቴ ቆሞ እንዲያይ አደርግ ነበር። ለእሱም ይበጀዋል፤ ለሞላውም።