አንቱ የሚባባሉበት ከተማ

ነገሩ የነካን ሰዎች እነዚህ ነን፦ ታሪኩን ያወራው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የሳንጃው ሰሊጥ ነጋዴ፣ ካቦ የምንለው የእስር ክፍላችን አለቃ፣ መርማሪውና እኔ። እኔ ጎንደር ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማንበብ የተማርኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። በተቃውሞ ሰልፉ ሰሞን ከስፌት መኪናዬ ላይ አስነስተው ወሰዱኝ። ክፍሉ እርጥብ ጫማና ሽንት ይሸታል። ከበሩ ሥር በምትገባው ፀሐይ እግራችንን በየተራ እናሞቅ ነበር።

ከምሳ በኋላ ተማሪው ራሱ የፈጠረውን ታሪክ ያወራልናል። ከጣና ሥር ስላለ ከተማ ነው። ነዋሪዎቹ ፀሐይ አያውቁም። ሁሉም አንቱ ይባባላሉ፤ ሕፃኑም አንቱ ነው። ሁለት መብራት ጠባቂዎች ይዋደዳሉ። አንዳቸው ፀሐይን ፍለጋ ወደ ላይ ሊዋኙ ሲነሱ፣ ሌላኛቸው «አንቱ ካልተመለሱ መብራቱን ለማን አበራለሁ?» ይላሉ።

«ሸጋ ነው» አለ ነጋዴው። «ግን ሴቷ የትኛዋ ናት?»

ተማሪው ፈገግ ብሎ እግሩን ወደ ፀሐይዋ ዘረጋ።

«ምነው ፈገግ አልህ? ሁለቱም ወንድ ናቸው እንዴ?»

«በዚያ ከተማ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም፣ አያ።»

ካቦው ሳቀ። እኔ ተቆጣሁ። «ፈጣሪ ያልወደደውን ነገር በተረት አታስውበው» አልኩት።

«ከውሃ በታች ሰው መኖሩን ተቀብለው፣ መዋደዳቸው ከበደዎት?»

«እኔንስ የከበደኝ ያለ ፀሐይ ምን እንደሚያርሱ ነው» አለ ነጋዴው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ካቦው ወሬውን አድርሶለት ኖሯል። በተማሪው ላይ «ግብረ ሰዶም ይሰብካል» የሚል ሌላ ክስ ለመጨመር የእኔን ቃል ፈለጉ። ጨዋ አባት መሆኔን ያውቃሉ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ሁለቱ ወንዶች ናቸው አይደል?»

ልጆቼን ሲዋሹ እየገረፍሁ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። የሰማሁትን መልሼ አሰብኩት።

«አንቱ ነው የተባባሉት።»

«ወንድ ናቸው ሴት?»

«አንቱ ለወንድም ለሴትም ነው። ሌላ አልሰማሁም።»

«ታሪኩን ወደድከው?»

«አልወደድኩትም።»

«እንግዲያው ፈርም!»

«አለመውደዴን እፈርማለሁ።»

በጥፊ መታኝ። ግራ ጆሮዬ ጮኸ።

ከቀናት በኋላ ተማሪውን ወደ ሌላ እስር ቤት ሊወስዱት ጠሩት። ልብሱን በፌስታል ይዞ በሩ ጋ ሲደርስ ተነስቼ ቆምኩ። በዕድሜ ልጄ ነው፤ አንቱ የምለው ለሚበልጠኝ ብቻ ነበር።

«ደህና ይሁኑ» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። «አንቱም ደህና ይሁኑ» አለኝ።

ነገሩ ያስከፈለን ይህ ነው። ወጥተን ፀሐይ መሞቅ ለሁላችንም ተከለከለ። ካቦው እዚያው ከእኛ ጋር ተቀምጦ የሚያናግረው ሰው አጣ። መርማሪው የፈለገውን ክስ አላገኘም። ተማሪው ተፈታ ሲባል ሰማሁ፤ ጎንደር ግን አልተመለሰም። እኔ በግራ ጆሮዬ አልሰማም። በዚያ ጉዳይ ላይ ያለኝ ሐሳብ ዛሬም ያው ነው፤ ከልጆቼ አልደብቅም።

ነጋዴው ከሳንጃ ሲመጣ ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ ጎራ ይላል። ሁልጊዜ በቀኝ በኩሌ ቆሞ ይጠይቀኛል።

«አያ፣ እኒያ ሰው ፀሐይዋን አገኟት ይሆን?»

አላውቅም። ተማሪውን የታሪኩን መጨረሻ ሳይነግረን ነው የወሰዱት።