ፊት የተጨመረለት ግንብ

ዛሬም አኳራጅ ሲሸተኝ ንዴቴ ይቀሰቀሳል። ይህ የቀለም ማቅጠኛ ሌላውን ሠዓሊ ራሱን ያመው ይሆናል፤ እኔን ግን ደሜን ነው የሚያፈላው። ስለ ወጣትነቴ ስትጠይቀኝ ደስ የሚል ነገር ላወራህ ፈልጌ ነበር። ምን ላድርግ፣ ብሩሽ ሳጥብ ስለዋልኩ እጄ ሁሉ እሱን እሱን ይሸታል።

ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ኮምቦልቻ እናቴ ቤት የተቀመጥኩ፣ ከወረቀት በቀር ምንም ላይ ስዬ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ዳር ያለውን ረጅም ግንብ በገበያው ሕይወት እንድሞላው ተጠራሁ። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ፣ ጉሙ ጣቶቼን እያደነዘዛቸው እሠራ ነበር። ከግንቡ ሥር አንዲት ሰፌድ ሻጭ ይቀመጡ ስለነበር ከእሳቸው ጀመርኩ። የፊታቸውን ቅርጽ በከሰል መንደፍ ስጀምር በእጃቸው ጠቅሰው ከመሰላሉ አስወረዱኝ።

«ልጄ፣ ፊቴን ተይልኝ» አሉኝ። «ነገ አላህ ዘንድ የሣልሽውን ሩሕ ስጪው፣ ነፍስ ዝሪበት ብትባይ ምን ልትመልሺ ነው?»

አልስልም ብዬ ቃል ገባሁላቸው፤ እሳቸውም አደራ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ገበያውን ሁሉ ከጀርባው ሣልኩት። የአንዷ ጎበጥ ያለ ትከሻ፣ የሌላዋ አንቀልባ አስተሳሰር፣ የሽማግሌው ዱላ አያያዝ፣ ሁሉም ገባ። ሰው የራሱን ጀርባ አያውቅም፤ ስለዚህ በገበያ ቀን ጎረቤት ለጎረቤት «ይች አንቺ ነሽ» እያለ ያሳይ ነበር። ሰፌድ ሻጯም ኮርተው የሻርፓቸውን አረንጓዴ ራሳቸው መረጡ። የመጀመሪያውን ስቀባ ይሄ የጎመን ነው፣ የእኔ የእሸት ነው ብለው አስቀየሩኝ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ከላይ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ያሠራኝ የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ ግንቡን ሊያይ መጣና ፊቱ ጠቆረ። «እንግዳ ሲመጣ ሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶ ይጠብቀው?» አለኝ። ስለ ቃሌ ነገርኩት፤ የገባው መስሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ሞኟ አምኜው ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

በሳምንቱ ስመለስ አዲስ የአኳራጅ ሽታ ገና ከሩቅ ተቀበለኝ። የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው አስመጥቶ፣ በሣልኳቸው ሰዎች ማጅራት ላይ ፊት አስለጥፎባቸዋል። ተረከዛቸው ወደ እኛ፣ የእግር ጣቶቻቸው ወደ ግንቡ፣ ፊታቸው ብቻ ወደ መንገዱ። ደግሞ ሁሉም አንድ ፊት ነው፤ ሽማግሌው ሳይቀር ጉንጩ ቀልቶ ጥርሱን ያገጣል። እየሮጥኩ ቢሮው ሄጄ ጮህኩበት።

«ፊት ጨመርንልሽ እንጂ ምን ቀነስንብሽ?» አለኝ።

ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። እኔን አለመጠየቁን ተወው። የፊቱን ባለቤት ማን ጠየቃቸው? የሚቀመጡት እኮ ከሥሩ ነው! እንግዳውም ቢሆን የመኪናውን መስታወት እንደዘጋ በፒያሳ በኩል አለፈ፤ ሰኞ ገበያን አልረገጣትም።

ሰፌድ ሻጯን ያገኘኋቸው ጎርፍ በሚወርድበት ጥግ፣ ዕቃቸውን በላስቲክ ሸፍነው ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ስል አስቆሙኝ።

«አብሽሪ፣ አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ግን እዚያ ላይ ያለችው እኔ ነኝ። ከሥሯ እንዴት ልቀመጥ?»

ዳግመኛ ወደ ግንቡ አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ግንብ ስያለሁ፣ በዚያ መንገድ ግን ላለማለፍ ባጃጁን በሌላ በኩል አስዞር ነበር።

ባለፈው ክረምት ማግስት ግን እግሬ ወሰደኝ። ያ የርካሽ ቀለም ፊት በደሴ ዝናብ ተልጦ ረግፎ፣ ከሥሩ የእኔ ጀርባዎች ብቅ ብለዋል። ከእሸት አረንጓዴው ሻርፕ ሥር አንዲት ወጣት ሰፌድ ደርድራ ተቀምጣለች። የሴትዮዋ ልጅ ናት። እናቷ ይህን ሳያዩ እንደሞቱ ነገረችኝ። ማን እንደሆንኩ ስትሰማ እጄን ያዘችኝ።

«መታወቂያዋ ላይ ካለችው ደብዛዛ ፎቶ በቀር ምንም የለኝም። መልኳ እየጠፋብኝ ነው። አንቺ አይተሻት የለ፣ እስቲ ፊቷን ሳዪልኝ።»

አይቻቸዋለሁ። ቅንድባቸው፣ በግራ አገጫቸው ያለችው ጠባሳ፣ ሲስቁ የሚጠብበው ዓይናቸው፣ ሁሉም እጄ ላይ አለ። ያ ሰውዬ ሳይፈቀድለት በአንድ ቀን ያስለጠፈውን፣ ልትጠይቀኝ የሚገባት እሷ ስትጠይቀኝ እንቢ ልላት ነው! እንዲህ ያለ ንዴት አያድርስብህ።

የእናቷን አደራ ነገርኳት። አላዘነችብኝም፣ ወይም አላሳየችኝም። በማግስቱ ቀለሜን ይዤ ተመልሼ ዝናብ ያደበዘዘውን ሻርፕ አደስኩት። እሷ ከሥር ቆማ፣ ትንሽ ወደ ቢጫ አድርጊው እያለች አረንጓዴውን ትመርጥልኝ ነበር።