ትንሿ መርቸዲስ በጁባ ና ባሪ

ዳምጠው ጁባ ከገባ አራት ዓመቱ ነበር፤ በነዚህ አራት ዓመታት ስሙን ያወቀ ሰው ግን በጣት ይቆጠራል። የውሃ ቦቴ ነው የሚነዳው። ከነጭ ዓባይ ዳር ይቀዳል፣ በየግቢው ደርሶ ቱቦውን ይዘረጋል፣ ታንከሩን ይሞላል፣ ይሄዳል። ሰው ሲያየው «ውሃ መጣ» ይላል እንጂ «ዳምጠው መጣ» የሚል የለም። እሱም ቅር አይለውም። ሰው ሰብሰብ ባለበት አፉ ይተሳሰራል፤ ወረቀት ሲያቀርቡለት ደግሞ ይብስበታል። የተማረው እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ደረሰኝ ላይ ስሙን ሲጽፍ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስለሚለቅማቸው፣ የሚያየው ሰው ካለ ጆሮው ድረስ ይሞቀዋል።

መኪና ላይ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነው። ሞተር ሲያዳምጥ ሐኪም ይመስላል።

ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ፣ ላንቻ አካባቢ ጎሚስታ ቤት ይሠራ ነበር። የሚኒባሱንም የታክሲውንም ጎማ እሱ ይፈታል። መርቸዲስ የመጣች ቀን ብቻ አለቃው «አንተ ተወው፣ እጅህ ቆሻሻ ነው» ይለውና ራሱ ይፈታታል። ዳምጠውም ግድግዳ ተደግፎ ያያል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሞላው ስንቱን መኪና ነድቶ፣ ስንቱን ፈትቶ ገጥሞ፣ መርቸዲስ ውስጥ ግን አንድም ቀን ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

የደቡብ ሱዳን የነጻነት ሪፈረንደም አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ነው ነገሩ የመጣው። ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ጀርባ ግዛው የሚባል ያገራችን ሰው ያገለገሉ መኪኖች ከካምፓላ እያመጣ ይሸጣል። አንድ ቀን ዳምጠው ውሃ ሊቀዳለት ሲመጣ፣

«ዳምጤ፣ ቱቦውን ተወውና ና እስቲ» አለው።

ከሁለት ኮሮላዎች መሀል አንዲት ብርማ ቀለም ያላት አጭር መኪና ቆማለች። አፍንጫዋ ድንብጭ ያለ፣ ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ አንድ ሰው ከፊትም ከኋላም ጨፍልቆ የተዋት ትመስላለች። ግንባሯ ላይ ግን ኮከቡ አለ።

«ለጥፈህበት ነው?» አለ ዳምጠው።

ግዛው ሳቀ። «አንተም እንደዚህ ትላለህ? እውነተኛዋ ናት። ስማ፣ ድሮ መርቸዲስ ለሚኒስትርና ለአምባሳደር ነበረ አይደል? ፈረንጆቹ ተቀምጠው አሰቡ። ሚኒስትር ስንት ነው? ጥቂት ነው። አስተማሪው፣ ነርሱ፣ ሾፌሩ ግን አገር ሙሉ ነው። ስለዚህ ለሱ የምትሆን አነስ ያለች ሠሩ። ቢኤምደብሊው ሠርቷል፣ አውዲም ሠርቷል። ትልልቆቹ ሁሉ ትንንሽ እየወለዱ ነው።»

«ዋጋዋስ?»

«ከደህና ኮሮላ ብዙም አትርቅ። ግባ፣ ተቀመጥባት።»

ዳምጠው ሱሪውን አራገፈ። በሩን ከፈተና ቆመ፤ ከዚያ ጫማውን አወለቀ። ግዛው ይህን ሲያይ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ዳምጠው በባዶ እግሩ ገብቶ መሪውን ያዘ። በሩ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ እንደ ቦቴው አይደለም፤ ድፍን ብሎ የውጪውን ጩኸት ሁሉ ይቆርጠዋል። ልቡ እየዘለለ እዚያው ብዙ ቆየ።

ለራሱ ቦቴ መግዣ ብሎ አራት ዓመት የያዘውን ገንዘብ ለዚች መኪና አወጣው። እብደት ብቻ አልነበረም፣ ሐሳብም ነበረው። ጁባ ላይ ሐበሻ በዝቷል፤ በየሳምንቱ ሰርግ አለ። ሙሽሮቹ የሚሄዱት ግን በነጭ ላንድ ክሩዘር ነው፤ ከመሥሪያ ቤት የተለመነ፣ በሩ ላይ የድርጅት ምልክት ያለበት። አንድ መርቸዲስ ብትኖር ሙሽራ ሁሉ እሷን አይጠይቅም? አንዷ ሙሽራ ከወጣችባት ሌሎቹ ይከተላሉ። የመጀመሪያዋ ካልተቀበለቻት ግን ቦቴውም የለም፣ መርቸዲሷም መሳቂያ ሆና ትቀራለች። ዳምጠው ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣውም በደስታው ብቻ አልነበረም።

ጁባ ና ባሪ ወደሚባለው ሰፈሩ ሲያስገባት ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ።

«ዳምጤ፣ ግማሿን የት ጣልካት?» አለው አንዱ።

«ሌላኛው ግማሽ በሚቀጥለው አውሮፕላን ይመጣል» አለ ሌላው።

«ተዉት፣ ጡት ሳትጥል ነው የገዛት። ታድጋለች።»

እሱ ፈገግ ብሎ አንገቱን ደፋ። መልስ ሁልጊዜ የሚመጣለት ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው። አንድ ነገር ግን አጽናናው። መኪናዋ መጀመሪያ ከጃፓን የመጣች ስለሆነች መምሪያ መጽሐፏ የተጻፈው በጃፓንኛ ነው። ግዛው ገልጦ ማንበብ አልቻለም፤ አንድ የባንክ ሰው ገልጦ አልቻለም፤ አንድ ኢንጂነርም አልቻለም። ዳምጠው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ንባብ ላይ ከተማሩት እኩል ሆነ።

ቶንፒንግ ውስጥ ሆቴል ያላት በዛብሽ የውሃ ደንበኛው ናት። ታናሽ እህቷ ረድኤት የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ትሠራለች፤ ባንክ የሚሠራውን እስክንድርን ልታገባ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ዳምጠው ይህን ከሰማ ጀምሮ ውሃ በቀዳ ቁጥር ሊናገር ይመጣል፣ ቱቦውን ጠቅልሎ ይመለሳል። በሦስተኛው ጊዜ በዛብሽ ራሷ ወገቧን ይዛ አስቆመችው።

«አንተ ሰው፣ ምን ሆነህ ነው እንደ ጉዳይ አስፈጻሚ የምትመላለሰው? ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?»

«እትዬ በዛብሽ… መኪና… ለረድኤት… መርቸዲስ ናት፣ ትንሽ ናት ግን…» አለ።

ረድኤት ከመስኮት ሰምታ ወጣች። ሄዶ መኪናዋን እንዲያመጣት አደረገችና፣ ስትመጣ ዞር ዞር ብላ አይታት ኋላ ወንበር ላይ ገብታ ተቀመጠች።

«እኔ በዚህች ነው የምሄደው» አለች። «በላንድ ክሩዘር ስወርድ ስብሰባ የመጣሁ ነው የምመስለው።»

ዳምጠው የዚያን ቀን ውሃ መቅዳቱን ረስቶ ሄደ።

ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው የእህትማማቾቹ አጎት ጋሽ ገብረመድኅን ከአዲስ አበባ ገቡ። በአባት ፈንታ የሚድሩት እሳቸው ናቸው፤ ግዙፍ ሰው፣ ከዘራ የያዙ። መኪናዋን በከዘራቸው ጫፍ ጎማዋን ነካ አደረጓት።

«ይህቺ ናት ሙሽራ የምትሸከመው?»

«መርቸዲስ እኮ ናት፣ አጎቴ» አለች ረድኤት።

«መርቸዲስ አውቃለሁ እኔ። መርቸዲስ ፊቷ ሲደርስ ጅራቷ ገና መንገድ ላይ ነው። ይህቺ መጣች ሳይሏት አልፋለች።» ከዚያ ወደ ዳምጠው ዞሩ። «አንተ ሾፌር፣ አትቀየመኝ። ልጅቷ ስለወደደቻት ዝም እላለሁ። ግን ሙሽሮቹ ሲወጡ አንዲት ነገር ብታጎድል፣ የእስክንድር ጓደኞች ላንድ ክሩዘር ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ ላይ ነው የማሳፍራት። ተግባባን?»

«እሺ ጋሼ» አለ ዳምጠው።

ቅዳሜ ሲነጋ፣ ጁባ ና ባሪ ባለው የእህትማማቾቹ ቤት ግቢ፣ መኪናዋ እንደ መስታወት ታበራ ነበር። ሴቶቹ ነጭና ሮዝ ሪባን ከኮፈኑ እስከ ጣሪያው አሰሩባት፣ በሮቿን አራቱንም ከፍተው ቴፕዋን አስጮኹት። ከውስጧ የሚወጣው የሰርግ ዘፈን አጥር አልፎ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። የጁባ ና ባሪ ሰው በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግጋል። ዳምጠው ከሰው ራቅ ብሎ ቆሞ ጉንጩ እስኪያመው ይስቃል።

ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር በላንድ ክሩዘር ደረሰ። እንግዲህ እንደ ወጉ ሴቶቹ በር ዘጉ፤ አናስገባም አሉ። ሚዜዎቹ ለመኑ፣ ሽቶ ረጩ፣ ተንበረከኩ፤ ሴቶቹ ጭራሽ ባሰባቸው። በሌላ ሰርግ ሩብ ሰዓት የሚፈጀው ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ፤ ዘፈን እያላቸው ማን ያቆማቸዋል? ሞተሯ ጠፍቶ፣ በሮቿ ተከፍተው፣ ቴፕዋ እየጮኸ። ዳምጠው ሞተሯን ላስነሳ፣ ወይ ቀንሱት ልበላቸው እያለ ሁለት ጊዜ ወደ ሴቶቹ ተራምዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ያን ሁሉ ሴት መሀል ገብቶ ምን ብሎ ይናገራል?

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ረድኤት በነጭ ቀሚሷ ወጣች፣ እልልታው ቀለጠ። ሙሽሮቹ ከኋላ ገቡ፣ አንደኛው ሚዜ ከፊት። ዳምጠው ቁልፉን አዞረ።

ጠቅ አለች። ሌላ ምንም የለም።

ደግሞ አዞረ። ጠቅ።

እልልታው ከዳር ጀምሮ እየጠፋ መጣ። ካገሬው ሰዎች አንድ መካኒክ አጥሩን ዘሎ ገባና ኮፈኑን አስከፈተ። ሁሉም አንገቱን ከተተ። መካኒኩ በግራ አየ፣ በቀኝ አየ፣ እጁን ሰዶ ዳበሰ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እጆቹን ዘረጋ።

«ባታሪያ ማፊ» አለ።

«ባትሪ የለም ነው የሚለው?» አሉ ጋሽ ገብረመድኅን። ራሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩ። እውነትም ባትሪ የለም። «ተሰርቋል ወይስ ሲወልዷት ሳይሰጧት ቀሩ?»

ሰው ሳቀ። ረድኤት በመስኮቱ ወደ ዳምጠው አየች።

«በቃ፣ ልጄ ውረጂ» አሉ አጎቷ። «ላንድ ክሩዘሩን አምጡት።»

«ቆይ፣ እንግፋትና ትነሳለች» አለ አንዱ ሚዜ፤ ሦስት አራት ሱፍ የለበሱ ጎረምሶች ከኋላዋ ተሰለፉ።

ዳምጠው ወርዷል። «አውቶማቲክ ናት» አለ በከንፈሩ። ማንም አልሰማውም። «ብትገፏትም አትነሳም» አለ፤ ይህንንም የሰማው የለም። መኪናዋ መወዛወዝ ጀመረች። ያን ጊዜ ዳምጠው ምን እንደገባበት ራሱም አያውቅም፣ ሮጦ ሁለት እጁን የኋላ መስተዋቷ ላይ ዘረጋና ጎረምሶቹ ፊት ቆመ።

«ቁሙ» አለ።

ድምፁ ከቦቴ ሞተር በላይ መናገር የለመደ ሰው ድምፅ ነው፤ ግቢው ሁሉ ጸጥ አለ። ሁሉም እሱን እያየ ነው። ጆሮው ጋለ፣ ግን አላቆመም።

«አይገፋም። ባትሪው አልተሰረቀም፣ አለ። ዘፈኑ ነው የጨረሰው። ሚዜው ይውረድልኝ። ላንድ ክሩዘሩ በግራ በኩል ተጠግቶ ይቁም፣ ሞተሩን እንዳያጠፋ።»

የታዘዘው ሁሉ ሆነ። ዳምጠው ሚዜው እግሩን ያሳረፈበትን ምንጣፍ ገለጠ፣ ከሥሩ ያለውን ክዳን አነሳ። ባትሪው እዚያ ተኝቷል። በገዛት ሳምንት የጁባን ቀይ አቧራ ሊያጥብ ምንጣፉን ሲያነሳ ነበር ያገኘው፤ ያን ቀን እሱም ብቻውን ግማሽ ሰዓት ስቋል። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ፤ ሌላውን ሰው እየጎተተ ያሳይ ጀመር።

«እግሯ ሥር ልቧን ደበቀች?» አሉ ጋሽ ገብረመድኅን።

የባትሪ ማገናኛው ገመድ ከላንድ ክሩዘሩ ወደ ትንሿ ተዘረጋ። ዳምጠው ጥቂት ጠብቆ ቁልፉን አዞረ። ተነሳች። የተነሳው እልልታ አጥሩን የሚያፈርስ ነበር፤ ረድኤት በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና እየሳቀች ነበር።

ጋሽ ገብረመድኅን ሚዜውን በከዘራቸው ወደ ላንድ ክሩዘሩ ሸኙትና ከፊት ወንበር ራሳቸው ተቀመጡ። «እኔ እጠብቀዋለሁ ባትሪውን» አሉ።

ፍሬቻዋን እያብለጨለጨች ከጁባ ና ባሪ ወጣች። ቦዳቦዳ የሚባሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲዎች በግራ በቀኝ አጀቧት፣ ሚኒባሶቹ ክላክስ አደረጉላት፣ ከኋላ ላንድ ክሩዘሩ አቧራዋን እየጠጣ ተከተላት። ቶንፒንግ፣ ሆቴሉ በር ላይ ሲደርሱ ሰው እስከ መንገድ ወጥቶ ነበር። አንዲት ሌላ ልጅ፣ ሠርጓ ለፋሲካ ማግስት የሆነ፣ ገና ረድኤት ሳትወርድ ወደ ዳምጠው መስኮት መጥታ ስልክ ቁጥሩን ጠየቀችው። ቁጥሩን በቃሉ ነገራት።

ሙሽሮቹ ገቡ። ዳምጠው ግን ሞተሩን አላጠፋም።

«አትወርድም?» አሉት ጋሽ ገብረመድኅን፤ እሳቸውም አልወረዱም።

«ባትሪው እስኪሞላ መዞር አለባት ጋሼ። እርስዎ ይግቡ፣ ምግቡ…»

«ምግቡ የትም አይሄድም። እኔን እዚሁ አዙረኝ፣ ጁባን አላየሁም።» እግራቸውን ዘረጉ፣ ጣሪያውን በመዳፋቸው ነካኩት። «እኔ የምለው፣ ከውስጥ ሲያዩዋት ሰፊ ናት እኮ።»

ሪባኗን እያውለበለበች ባዶ ኋላ ወንበሯን ይዛ ወደ ኮንዮ ኮንዮ ወረደች። ገበያተኛው ዘንቢሉን አስቀምጦ አጨበጨበላት። አንድ ቦዳቦዳ ነጂ ጎኗ ተጠግቶ ወደ ውስጥ አየና፣ «አሩስ ወይን?» ብሎ ጮኸ።

«ምን አለ?»

«ሙሽራዋ የት አለች ነው የሚለው።»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ ቋንቋውን» አሉ ሽማግሌው። «ይህቺው ናት በለው። ጮክ ብለህ በለው።»

ዳምጠው መስኮቱን እስከ ታች አወረደ።