የእበት እሳት

ሰው ማመን አይሆንልኝም። እናቴ «አንቺ እኮ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ስለዚህ ባለቤቴ አንድ ቀን ከኮርስ ተመልሶ «ከእንግዲህ ማገዶ አንገዛም፣ ለላምባም አንሰለፍም፤ በእበት እናበስላለን» ሲለኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት የእሱን ጤንነት ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከነቀምቴ ወደ ጉቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰፊ ጓሮ ያለው የጭቃ ቤት ነበረን። እሱ የወለጋ ልጅ ነው፣ አስተማሪ። እኔ ከሸዋ አግብቶ ያመጣኝ፣ ኦሮምኛዬ ከሰላምታ ብዙም የማያልፍ። ለላምባ ከቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ጀሪካን ደርድረን ግማሽ ቀን እንቆም ነበር። ሰልፉ ሲያንገሸግሸው ባለቤቴ ሁሉን ነገር ከጓሮው ማውጣት ያዘ። ጎመንና ድንች ተከለ፣ ዶሮ አረባ፣ በውሃ ጉድጓዳችን ላይ በእጅ የሚሠራ ፓምፕ ገጠመ። ከገበያ ጨውና ሳሙና ብቻ እስክንገዛ ድረስ አላርፍም ይል ነበር። የቀረው እሳት ነው።

ለእሳቱ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ ገነባው፤ በላዩ ትልቅ የብረት በርሜል ደፋበት። እበቱ በውሃ ተበጥብጦ በአንድ ወገን ይገባል፤ ውስጥ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ በርሜሉን ያነሳዋል፤ ከዚያ በጎማ ቱቦ ወደ ማድ ቤት ይመጣል። ችግሩ ሁለት ላሞች ብቻ ነበሩን፤ የእነሱ እበት አይበቃም። በዚያ አገር ደግሞ ገበሬ እበት አይጥልም። በረቱን በየጊዜው እየነቀለ በበቆሎ ማሳው ላይ ያዘዋውረዋል፤ ከብት ያደረበት መሬት በዓመቱ ጥሩ እህል ይሰጣል። እበት ስጡኝ ማለት ከማሳችሁ ቆርሳችሁ ስጡኝ ማለት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በትሕትና እምቢ አለው።

እሺ ያሉት አጥር የሚያዋስኑን አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ባለቤቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስማቸውን መጻፍ አስተምሯቸው ነበር። «በርሲሳ ከጣት ቀለም አድኖኛል» አሉ፤ መምህሩ ማለታቸው ነው። በየማለዳው አንድ ቅርጫት እበት ሊያመጡ ቃል ገቡ።

ነገሩ አልጣመኝም። ሰው ሁሉ የነፈገውን እሳቸው ለምን ሰጡ? ደግሞ ቅርጫቱን ገልብጠው አይሄዱም። ጉድጓዱን አጎንብሰው ያያሉ፣ አንድ ነገር ያጉረመርማሉ፣ ከዚያ ጮቆርሳ የሚሉትን ለምለም ሣር እፍኝ ያህል አፉ ላይ ያኖራሉ። ባለቤቴን ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«እየመረቁ ነው። እበቱ ከበረታቸው ሲወጣ በረከት ይዞ እንዲሄድ ነው።»

ምርቃት ከሆነ ለምን ጮክ ብለው አይመርቁም አልኩ በሆዴ።

በወሩ ግድም እሳቱ መጣ። ሰማያዊ፣ ጭስ የሌለው እሳት። እውነቱን ልናገር፣ በደስታ አለቀስኩ። የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥቶ አየና ራስን የመቻል ምሳሌ ነው፣ ከአውራጃ እንግዶች አምጥቼ አሳያለሁ አለ። የሰፈሩ ሴቶችም መጡ፤ እነሱ ግን አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው ነበር። ለአንዷ ሽሮ ባቀርብላት ጾም ነኝ አለችኝ። ሽሮው የጾም መሆኑ ይቅርና፣ የእሷ የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ረቡዕና ዓርብ እንኳን እንደማይጾም የማያውቅ አልነበረም።

አፍሬ መሬት ልግባ አልኩ። የዚያኑ ቀን በረኪና ገዛሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበረቱን ወለል፣ ቅርጫቱን፣ እበቱ የሚፈስበትን ቦይ ሳይቀር በየጠዋቱ በበረኪና አጥብ ነበር፤ እጣቢው ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ባለቤቴ ከውሃ በቀር ምንም አትጨምሪ ብሎኝ ነበር። ወንድ ስለ ንጽሕና ምን ያውቃል ብዬ አለፍኩት፤ ለእሱም አልነገርኩትም።

ብዙም ሳይቆይ እሳቱ ቀጠነ። ቀጥሎ ክብሪት ስናስጠጋ እፍ ብሎ ይጠፋ ጀመር። በመጨረሻ በርሜሉ ወርዶ ቁጭ አለ። እንግዶቹ ሊመጡ የቀረው ሳምንት ነበር፤ ሊቀ መንበሩ በየቀኑ እየመጣ ፊቱን አጥቁሮ ይመለሳል። እኔ ያንን ሣር አስባለሁ።

በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት እሳታችሁ ምን ነካው ብላ ጠየቀችኝ።

«ምን ይነካዋል፣ አሻጥር ተሠርቶበት ነው እንጂ። ሣር እየጎዘጎዙ የሚያጉረመርሙትን ሽማግሌ ጠይቋቸው።»

አሻጥር የሚለው ቃል ያኔ ከሬዲዮ አይጠፋም ነበር። ቡና የደበቀ ነጋዴም፣ ማሽን የሰበረ ሠራተኛም በዚያ ቃል ይታሰር ነበር። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጻፈች።

በሦስተኛው ቀን የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጥተው ሽማግሌውን ወሰዷቸው። ወደ ነቀምቴ ነው ተባለ። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ «ምን ብለሽ ነው?» አለኝ። ያየሁትን ነው ያልኩት አልኩት።

እንግዶቹ ቀሩ። በእነሱ ፈንታ ባለቤቴን ኮርስ ላይ ያስተማረው ባለሙያ ጉድጓዱን ሊያይ መጣ። ቦዩ ላይ ተንበርክኮ አሸተተና «በረኪና የምትጠቀመው ማን ነው?» አለ። እኔ ነኝ አልኩ። እሱ እንደ ቀላል ነገር ሳቅ ብሎ አስረዳኝ። እበት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች አሉ፤ ጋዙን የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ በረኪና ደግሞ ይፈጃቸዋል። ጉድጓዱን አጽድታችሁ እንደገና ሙሉት ብሎ ሄደ።

ባለቤቴ ባለሙያውን እስከ በር ሸኝቶ ተመለሰ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለ። «ነገ ሄጄ እናገራለሁ።»

«ምን ብለህ? ሚስቴ ናት ልትል?»

አንድ ጥፋተኛ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እሳቸው ካልሆኑ ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ባሌንም መጠርጠር ጀመርኩ። ጠዋት ሲወጣ ጫማውን አያለሁ፤ ከተወለወለ ወደ ቀበሌው ቢሮ ሊሄድ ነው ብዬ እስከ መንገዱ በዓይኔ እከተለዋለሁ። ነገ ይላል፣ ነገ ይመጣል፣ አይሄድም። የፈራው ለእኔ ይሁን ለራሱ፣ ጠይቄው አላውቅም።

እበቱ ግን አልተቋረጠም። ሽማግሌው በተወሰዱ ማግስት ሚስታቸው ቅርጫቱን ተሸክመው ከበራችን ቆሙ። «አካም ቡልቴ፣ ኦቦሌቲ ኮ» አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ እህቴ ማለታቸው ነው። በሳምንቱ ደግሞ ለባላቸው ስንቅ አድርሰው ሲመለሱ በተሰባበረ አማርኛ እንዲህ አሉኝ።

«የበርሲሳን ቅርጫት እንዳታስቀሪ አለኝ። ቃል ገብቻለሁ፣ እሱ ሊጠይቀኝ ባይመጣ እንኳ እኔ ከቃሌ አልቀርም አለ።»

አውቀው ሊያሳፍሩኝ ነው ብዬ ዓይናቸውን መረመርኩ። ምንም አላገኘሁበትም፤ ያ ባሰብኝ። በየማለዳው ቅርጫቱን እቀበላለሁ፣ ቶሎ እንዲሄዱልኝም እመኛለሁ። ጉድጓዱን አጽድተን እንደገና የሞላነው በእሳቸው እበት ነው። እሳቱም ተመለሰ።

ሽማግሌው የተፈቱት ከአራት ወር በኋላ ነው፤ የጠየቃቸውም የፈረደባቸውም ሳይኖር ውጡ ተባሉ። በማግስቱ ምርኩዝ ይዘው መጡ። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቶባቸዋል። ባለቤቴ ትምህርት ቤት ነበር። ማድ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጠው በሚችሉት አማርኛ እሳቱን አሳይኝ አሉኝ። ቧንቧውን ከፍቼ ክብሪት ጫርኩ። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለት ነው። «እዚያ ሆኜ ሳስብ ከረምኩ። ያኔ አንዷ ላሜ ታማ ነበር። የሷም እበት ቅርጫቱ ውስጥ ገብቷል። እሳታችሁን ያጠፋው እሱ ነው። ሳላውቅ ነው ልጄ። ዺፈማ፣ ይቅር በይኝ።»

ስለ በረኪናው ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ቤት ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም። አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ፣ ሊያወጣጡኝ ከቀበሌው ተልከው ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ።

«ይቅር ብያለሁ» አልኳቸው።